ሙሉውን ለማግኘት መጀመሪያ ሀብታም ሁን

ደብረ ብርሃን ያሉ አብሮ አደጎቼ በደወልኩ ቁጥር «አሜሪካ መኪና ለገዛውም ልጅ ለወለደውም ገንዘብ ይሰጣል አሉ፤ ታዲያ ምን ጎደለህ?» ይሉኛል። መስጠቱስ ይሰጣል፤ ለማን የሚለው ነው ጉዳዩ።

በ2023 እ.ኤ.አ. አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ ሰው እስከ 7,500 ዶላር የታክስ ክሬዲት መኖሩን ሰምቼ ታክስ ወደሚሠራ ያገራችን ሰው ሄድኩ። የደመወዝ ወረቀቴን ገለጥ አድርጎ አየና፣ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድሜ፣ ይህ የሚቀነሰው ካለብህ ታክስ ላይ ነው፤ ያንተ አንድ ሺህም አይሞላ፣ የተረፈውን አታገኘውም። ሙሉውን ለማግኘት መጀመሪያ ሀብታም ሁን» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። መኪናውን የማቆምለት ሐኪም ግን፣ ላላገባ ሰው የተቀመጠው የገቢ ጣሪያ 150,000 ዶላር ስለነበር፣ ገቢው ከዚያ እስካላለፈ ድረስ ሙሉውን ሊወስድ ይችል ነበር። የመንዝን ብርድ የቻለ ትከሻ ድህነትን መሸከም አያቅተውም፤ ድሃ በመሆኑ ድጎማው የሚያንሰው መሆኑን በሰው ፊት መስማት ግን ሌላ ነው። በ2024 ክሬዲቱ እዚያው መኪና ሻጩ ዘንድ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስ ተደርጎ ነገሩ ቢስተካከልም፣ በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ጭራሹን ቀረ።

አገር ቤትም ቢሆን ነዳጅ ለሁሉም እኩል ሲደጎም፣ ታንከሩን ሞልቶ ጣርማበርን የሚያቋርጠው ባለ ላንድክሩዘር ከሚኒባስ ተሳፋሪው አብልጦ ይጠቀም ነበር፤ ገብሱን በአህያ ጭኖ መሐል ሜዳ ገበያ የሚወጣው ገበሬማ ከነጭራሹ አልተቆጠረም። በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ ድጎማው ወደ ሕዝብ ማመላለሻ እንዲያተኩር መደረጉን ስሰማ፣ በዚህ እንኳ ቀደምናቸው ብዬ ኮራሁ።

ዛሬ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሠርቶ ዝቅተኛ ገቢ ለሚያገኝ የሚሰጠው ክሬዲት የታክስ ዕዳ ባይኖርም በጥሬው ይከፈላል፣ ለእኔ ቢጤ ፍትሐዊው እሱ ነው። ሆኖም ገቢ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ፣ ሁለት ልጅ ያለው ሰው ከሚጨምረው ከእያንዳንዱ ዶላር 21 ሳንቲም ገደማ ክሬዲት ስለሚያጣ፣ ትርፍ ሰዓት ከመግባቴ በፊት ማስላት ለምጃለሁ።

ዲቪ የሞላችሁ፣ «መንግሥት ይሰጣል» ያላችሁን ሰው ገቢው ስንት እንደሆነና ስንት ልጅ እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁት። የእኛን ሪፈንድ (የታክስ ተመላሽ) ተስፋ አድርጋችሁ በግ የምትዋዋሉ ዘመዶችም፣ ይህን ክሬዲት የያዘ ሪፈንድ ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በፊት እንዳይለቀቅ ሕግ ስለሚከለክል፣ የገናውን ትታችሁ ለፋሲካው ተዋዋሉ።