የኤሌክትሪክ መኪናዬን ቻርጀር ግቢያችን ውስጥ የት እንዳስተከልኩት

በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ዘመዱም ጓደኛውም የሚጠይቀኝ ስለ መኪናዋ ነው፣ በአንድ ቻርጅ ስንት ትሄዳለች፣ ዳገት ትችላለች ወይ ምናምን። ቻርጀሩን የት አስተከልከው ብሎ የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል፣ እኔ ግን ከመኪናዋ ምርጫ በላይ ያሰብኩበት እሱን ነው። መኪናዋ የቮልስዋገን አይዲ ፎር ናት፣ የምንኖረው አያት አካባቢ ነው፣ ግቢ ቤት፣ ከኋላ ሰርቪስ ያለው።

ብዙ ሰው መኪናው ከሚቆምበት ነው የሚነሳው፣ እኔ ከቆጣሪው ጀመርኩ። የኛ መስመር ነጠላ ፌዝ ነው፣ ቆጣሪው ጋር ያለው ብሬከር 40 አምፒር። 7 ኪሎዋት ቻርጀር 32 አምፒር ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ብቻውን 3 ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ነው፣ ያ 16 አምፒር ማለት ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከበሩ 48 ሆነ፣ ፓምፑና ፍሪጁ ገና አልተቆጠሩም። ስሪ ፌዝ፣ ማለትም ብዙ ኃይል የሚሸከመውን ባለ ሶስት መስመር፣ አስገባ ያሉኝ ነበሩ፣ ግን ለአንድ መኪና አያስፈልግም ብዬ ነው ያመንኩት፣ ምክንያቱም ቻርጀሩን 16 አምፒር ላይ ብታደርገውም በ10 ሰዓት 35 ኪሎዋት ሰዓት ያስገባልሃል፣ ያ ከ180 ኪሎሜትር በላይ ይነዳል፣ እኔ ደግሞ አያት ሜክሲኮ ደርሼ ብመለስ 50 ኪሎሜትር አይሞላም።

ቦታውን ስንመርጥ ሶስት አማራጭ ነበረን። አንደኛው በሩ ጋር፣ ቆጣሪው እዛው አጥሩ ላይ ስለሆነ ገመዱ አጭር ነው፣ በብር በጣም ይረክሳል። ግን በሩ ሲከፈት ግድግዳውን ይሸፍነዋል፣ ቦታውም የግቢያችን ዝቅተኛው ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ የመንገዱ ጎርፍ የሚገባው በዛ ነው። ሁለተኛው በግራ በኩል በረንዳው ጋር፣ ለአይን ቆንጆ ነበር፣ ግን የአይዲ ፎር ቻርጅ መሰኪያ ቀዳዳ ከኋላ በቀኝ ነው ያለው፣ በአፍንጫዋ ስገባ ገመዱ መኪናዋን ዞሮ መሄድ አለበት፣ ገመዱ ደግሞ 5 ሜትር ናት። እዚህ ላይ ለሌላ ሰውም የምለው፣ መጀመሪያ መኪናህን እንደምታቆማት አድርገህ አቁምና ከቀዳዳው እስከ ግድግዳው በሜትር ለካ፣ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ለምሳሌ ከፊት ነው ያለው፣ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል።

ሶስተኛው የሰርቪሱ ግድግዳ ነበር። በቀኝ በኩል ነው፣ ቦታው ከፍ ያለ ነው፣ ጣራው ወጣ ስላለ ዝናብም የቀትር ፀሐይም ቀጥታ አያገኘውም። ችግሩ ከቆጣሪው 25 ሜትር ይርቃል። መጀመሪያ የመጣው ኤሌክትሪሺያን «ሰርቪስ ድረስ መስመር አለህ አይደል፣ ከሱ ቀጥለን እንጨርሰው» አለኝ፣ ርካሽም ነበር፣ ግን ያ መስመር የምጣዱ መስመር ነው፣ 4 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ነው። ሌላ አንድ በእድሜ ጠና ያሉ ባለሙያ አምጥቼ ሳሳያቸው «ልጄ፣ ምጣድና መኪና አንድ ገመድ ላይ አይውሉም» አሉኝና ከቆጣሪው በቀጥታ ለብቻው ባለ 10 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ፣ በቱቦ ውስጥ ተቀብሮ፣ የራሱ ብሬከርና ኮረንቲ ሰው እንዳይዝ የሚያጠፋ መከላከያ ያለው ዘረጉልን። 6 ካሬ ሚሊሜትርም ይበቃ ነበር፣ ግን በ32 አምፒር በዚህ ርቀት ወደ 5 ቮልት ይበላል፣ ባለ 10ሩ 3 ቮልት አካባቢ፣ የኛ ሰፈር መብራት ደግሞ ማታ ማታ ራሱ ይወርዳል። ለነገ ሁለተኛ መኪና ቢመጣ መሬቱን ድጋሚ መቆፈር አልፈልግም።

ኧርዙ፣ ማለትም ያፈተለከ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደው ገመድ፣ ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ነው፣ እባካችሁ አትናቁት። የድሮ ቤቶች ብዙዎቹ ጭራሽ የላቸውም፣ ቻርጀሩ ደግሞ ኧርዝ ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ሊል ይችላል፣ እምቢ ባይል ይብሳል። የኛ አፈር ጥቁር መረሬ ነው፣ ክረምት እርጥብ ሲሆን ኧርዙ ሲለካ ጥሩ ያሳያል፣ በጋ ደርቆ ሲሰነጠቅ ግን ቁጥሩ ይወጣል። ስለዚህ መሬት ውስጥ የሚገባውን የኧርዙን ብረት አትክልት የምናጠጣበት ጥግ ነው ያስቀበርነው፣ የተለካውም መጋቢት ላይ ነው፣ ባለሙያው ከ10 ኦም በታች ካልሆነ አልፈርምም ብለው ሁለተኛ ብረት ጨመሩበት።

ቻርጀሩን ከመሬት 1 ሜትር ከ30 አካባቢ ሰቀልነው፣ ገመዱ መስቀያ አለው መሬት አይነካም፣ ውሻችን ማኘክ ስለሚወድ እሱም ታስቦበታል። መኪናዋ ላይ ሰዓት ሞልቼ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው የምትጀምረው፣ ያኔ ምጣድ የለ ፓምፕ የለ፣ ቮልቱም ይስተካከላል።

ቻርጀር ልትገዙ ስትሉ ሶኬቱ ከመኪናችሁ ጋር መግጠሙን እዩ፣ ለቻይና ገበያ የተሰሩት ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ሶኬት ነው ያላቸው፣ የአውሮፓው ታይፕ ቱ አይገባም። ሌላው መብራት ሄዶ ሲመለስ ራሱ ይቀጥላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አንዳንዱ ካርድ ካላስነካኸው አይቀጥልም፣ ሌሊት 8 ሰዓት መብራት ብልጭ ብሎ ቢመለስ ጠዋት ባትሪው ሳይሞላ ታገኙታላችሁ።