በመፍቻው ላይ የተጻፈው ስም የሠሪው ስም አይደለም

የምተዳደረው በመኪና ጥገና ነው። ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ሲሆን አሁን የምሠራው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ነው። መርካቶ መፍቻ ወይም ፒንሳ ሊገዛ የሄደ ሰው ዋጋ ከመከራከሩ በፊት «የየት አገር ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ነው ወደዚህ የመጣሁት። ከዓመታት ሥራ በኋላ ግን ጥያቄው ብቻውን እንደማይበቃ ተረዳሁ። ዕቃውን የቀጠቀጠው ማን እንደሆነና ያዘዘው ነጋዴ በምን ዓይነት ጥራትና በስንት ዋጋ እንዲሠራለት እንደጠየቀ ካልታወቀ፣ የአገሩ ስም ብቻውን ብዙም አይነግረንም።

ይህን ያስተማረኝ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጡረታ የወጡ ሰው ከቤታቸው ደጃፍ ዘርግተው ከሚሸጡት ዕቃ መካከል በ5 ዶላር የገዛሁት ራቼት ነው፤ ቡሶላ፣ ማለትም በብሎን ራስ ላይ የሚጠልቀው ክብ መፍቻ፣ ተሰክቶበት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያጠብቀውን ወይም የሚፈታውን እጀታ ማለቴ ነው። ለዓመታት የተጋገረበትን ቅባት በናፍጣ ሳጥበው በመጀመሪያ «ክራፍትስማን» የሚለው ስም፣ ቀጥሎ «ፎርጅድ ኢን ዩ.ኤስ.ኤ.» የሚለው ጽሑፍ፣ በመጨረሻም በሁለት አጫጭር ሰረዞች መካከል የተቀመጠች «ቪ» የምትባል አንዲት የላቲን ፊደል ወጣች። ስሙን አውቀዋለሁ፤ ፊደሏ ግን ምን እንደሆነች አላውቅም ነበር።

ክራፍትስማን ሲርስ የተባለው ታላቅ የአሜሪካ የመደብር ድርጅት የራሱ የንግድ ስም ነበር። ሲርስ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1927 ከሌላ የመሣሪያ ኩባንያ የገዛው በ500 ዶላር ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ክራፍትስማን የተባለ ፋብሪካ አልነበረም፤ ሲርስ መሣሪያዎቹን ከተለያዩ አምራቾች እያሠራ በዚህ ስም ይሸጥ ነበር። «ቪ» የምትለው ፊደል በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የነበረውን፣ በኋላ ኢስኮ የተባለውን የሙር ድሮፕ ፎርጂንግ ኩባንያን ታመለክታለች። በፒንሳና በሚስተካከል መፍቻ ላይ የሚታዩት «ደብልዩ» እና «ኤፍ» ደግሞ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ የነበረው የዌስተርን ፎርጅ ምልክት ናቸው። ስለዚህ ትልቁ ጽሑፍ ሻጩን፣ ትንሹ ፊደል ደግሞ ቀጥቃጩን ይናገራል ማለት ነው፤ እኔ ግን ለዓመታት ትልቁን ብቻ ሳነብ ኖሬአለሁ።

በራቼቱ ጀርባ ላይ ያለችው፣ ሲጫኗት ቡሶላውን የምትለቅ ቁልፍ እንኳ የመጣችው ከሲርስ መሐንዲሶች አልነበረም። ያሰባት ፒተር ሮበርትስ የተባለ፣ ጋርድነር በተባለች የማሳቹሴትስ ከተማ በሲርስ መደብር ይሠራ የነበረ የ18 ዓመት ሻጭ ነው። ድርጅቱ ሐሳቡን ብዙ ዋጋ እንደሌለው አድርጎ ነግሮት ቢበዛ 10 ሺህ ዶላር በሚያስገኝለት ውል ወሰደበት፤ ልጁ እውነቱን ሲያውቅ ከሰሰ፣ ክርክሩም ለሃያ ዓመታት ያህል ተጓትቶ በ1989 በ8.2 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። ያንን ቁልፍ በተጫንኩ ቁጥር ይህ ልጅ ትዝ ይለኛል።

ሰዎች ክራፍትስማንን የሚያስታውሱት በተለይ በዋስትናው ነው። የተሰበረውን ቡሶላ ወይም ካቻቢቴ ይዞ የሄደ ሰው ደረሰኝ ሳይጠየቅ፣ መቼ እንደገዛው ሳይመረመር፣ በምትኩ ሌላ ይሰጠው ነበር። ይህ ቃል ኪዳን ሊጸና የቻለው መሣሪያው በቀላሉ የማይሰበር ስለነበርና ምትኩም ያው ፋብሪካ በዚያው ጥራት የሠራው ስለነበር ነው። የቀየሩለት ሰው በእጁ የሚይዘው ያንኑ የሚያውቀውን ዕቃ ነበር።

ለውጡ የገባው በዚህ በኩል ነው። የኢስኮ ባለቤት የነበረው ዳናኸር የተባለ ኩባንያ በ2010 የመሣሪያ ሥራውን ከኩፐር ኢንዱስትሪስ ጋር አዋሕዶ ኤፔክስ ቱል ግሩፕን መሠረተ፤ በቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታትም አብዛኛው የክራፍትስማን መፍቻና ቡሶላ ሥራ ወደ ቻይናና ወደ ታይዋን ተዛወረ። በ2017 ስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የመሣሪያ አምራች ስሙን ከሲርስ ሲገዛ 525 ሚሊዮን ዶላር ወዲያው፣ 250 ሚሊዮን ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ሊከፍል፣ ለ15 ዓመታትም ከሽያጩ ድርሻ ሊሰጥ ተስማማ። በ500 ዶላር የተገዛው ስም ይህን ያህል ሲያወጣ፣ ስሙን ያስከበረው ዌስተርን ፎርጅ ግን በ2020 ተዘጋ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ዋጋው ያለው በቀጥቃጮቹ እጆች ላይ ነበርና።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «የአሜሪካው ጥሩ፣ የእስያው መጥፎ» ማለት ስህተት ነው። አሮጌው ራቼቴ 36 ጥርስ ስላለው አንድ ጥርስ ለመያዝ እጀታው 10 ዲግሪ መዞር አለበት፤ ከታይዋን የመጣው ሌላው ራቼቴ 72 ጥርስ ስላለው 5 ዲግሪ ይበቃዋል። ከሞተሩና ከጎኑ ብረት መካከል እጅ በማይገባበት ጠባብ ቦታ ይህ ልዩነት ሥራውን መጨረስና አለመጨረስ ማለት ነው። ጥሩ ራቼት ከፈለግሁ ዛሬ ያለ ማመንታት የታይዋኑን እገዛለሁ።

በሌላ በኩል ግን፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መደብር በራሱ ስም ከሚሸጠው የገዛሁት እጀታ፣ የጎማ አቃፊ ብሎን ሳጠብቅ በድንገት ከጥርሱ ሸርተት ብሎ የቀኝ እጄን አንጓዎች ከብረት ጋር አላተማቸው። ወስጄ ስመልሰው ያለ ክርክር ሌላ ሰጡኝ፤ ያም ከሁለት ወር በኋላ እንደዚያው ሸረተተ። ፈትቼ ስመለከተው ጥርሱን የምትይዘው ትንሿ ብረት ጠርዟ ተሸርፎ ነበር፤ ብረቷ በሚገባ ያልጠነከረች ናት።

ይህ ጉድለት ከመግዛት በፊት በዓይን አይታይም። መፍቻ የሚሠራው ብረቱ ፍም እስኪመስል ግሎ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተቀጥቅጦ፣ ትርፉ ተቆርጦ፣ ከዚያ በሙቀትና በማቀዝቀዝ ጠንክሮ፣ ተወልውሎ ኒኬልና ክሮም ተቀብቶ ነው። ክሮሙን ማብለጭለጭ ቀላል ነው። ወጪ የሚቀነሰው በብረቱ ዓይነት፣ በሙቀቱ ቁጥጥርና በፍተሻው ላይ ነው፤ አንዱ ፋብሪካ ሁለቱንም ደረጃ ሊሠራ ይችላል፣ የሚወስነውም ያዘዘው ነጋዴ ነው።

ሥራውን ወደ አሜሪካ ለመመለስም ተሞክሯል። ስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር በ2019 በቴክሳስ፣ ፎርት ወርዝ ከተማ 90 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅና 500 ሰዎችን የሚቀጥር የክራፍትስማን ፋብሪካ እንደሚያቋቁም አስታወቀ። አዲሶቹ ማሽኖች እንደታሰበው ሳያመርቱ ቀርተው በ2023 እንደሚዘጋ ተገለጸ። ይሳካል ብዬ በጉጉት ጠብቄው ስለነበር ዜናውን ሳነብ ከልቤ አዘንኩ።

አገር ቤት ለሚገኝ መካኒክ መሣሪያ የምትልኩ ወገኖቼ ሆይ፣ ከሣጥኑ ይልቅ ብረቱ ላይ የታተመውን አንብቡ። «በአሜሪካ የተሠራ» ተብሎ እንዲጻፍ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዕቃው በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል እዚያው መሠራቱን ይጠይቃል፤ «ከዓለም አቀፍ ግብዓቶች ጋር» የሚል ቃል ከተጨመረበት ግን ከክፍሎቹ ወይም ከጥሬ ዕቃው የተወሰነው ከሌላ አገር መጥቷል ማለት ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ቁጥሩ በሚሊሜትር መሆኑን አረጋግጡ፤ በኢንች የተሠራ ግሩም አሮጌ ቡሶላ ለቶዮታ ብሎን አይሆንም።

በዚህ ወር ሙያዬን ወደለመድኩበት ጋራዥ የምልከውን ሣጥን አዘጋጅቻለሁ። ባለ 72 ጥርሱን የታይዋን ራቼት፣ ከእሱም ጋር «ቪ» የታተመባቸውን አራት አሮጌ ቡሶላዎች፣ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ሚሊሜትር፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አስገብቻለሁ።