ጥቁሩ መስመር

አሮጌ ሳንቲሞች የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። አለቃዬ አምስት ጠገራ ብር ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና "ለዕይታ የሚሆነውን ምረጥ" አሉኝ።

አምስቱም ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ ናት። አምስቱም ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው። መልካቸው ግን አይገናኝም። አንዱ ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ሌላው አመድ ይመስላል፣ አንዱ ደግሞ ጠርዙ ላይ ቢጫና ሰማያዊ አለው፤ ልክ ዘይት የፈሰሰበት ውሃ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሚያብለጨልጨውን አነሳሁ።

"እሱ ተፈትጓል" አሉኝ፣ ሳይነኩት።

ማጉያ መነጽሩን ሰጡኝ። እውነትም ጉንጯ ላይ ጸጉር የሚያካክሉ ጭረቶች በአንድ አቅጣጫ ተደርድረዋል። ከዚያ አመድማውን ጠርዙን ይዘው መብራት ሥር ቀስ አድርገው አዘነበሉት። ከመሃል ወደ ዳር የተዘረጋ ጨረር ወጣና ከእጃቸው ጋር አብሮ ዞረ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳንቲም ሲታተም ብሩ በግፊት ወደ ዳር ይፈስሳል። ሲፈስ በዓይን የማይለዩ ቀጫጭን መስመሮች ይተዋል፤ ያ የሚዞር ብርሃን የሚመጣው ከእነሱ ነው። በጨርቅና በዱቄት ከፈተጉት መስመሮቹ ይጠፋሉ፣ ተመልሰውም አይመጡም። ጥቁረቱ ደግሞ ቆሻሻ አይደለም። ብር አየር ውስጥ ካለ የድኝ ጋዝ ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው። መጀመሪያ ቢጫ ይላል፣ ሲወፍር ሰማያዊ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር።

ዓመቱስ? እሱ እንኳ ያታልላል። ንግሥቲቱ በ1780 ብትሞትም ሳንቲሟ ያው 1780 እየተጻፈበት ከዚያ በኋላም ሲታተም ኖሯል፤ ቪየና ብቻ ሳይሆን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይም አትመውታል። "እኩዮች" ያልኳቸው አምስቱ በዕድሜ አያትና የልጅ ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ ተምሬ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አመድማውን ወረቀት ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ እንዳይከፈት ብዬ የብር ኖት በሚታሰርበት ላስቲክ ጠፍሬ አስቀመጥኩት። ከወራት በኋላ ስናወጣው ከሻሿ ተነስቶ ጉንጯን አቋርጦ የሚሄድ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ተጋድሞበታል። በላስቲኩ ልክ! ጎማ የሚጠነክረው በድኝ ነው፤ ድኙም ወረቀቱን አልፎ ብሩ ጋ ደርሷል።

"ትንሽ ብጠርገውስ?" አልኩ።

አለቃዬ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ የሳንቲሙን ካርድ ከነእስክሪብቶው ገፋ አደረጉልኝ። "የጉዳት ምክንያት" በሚለው መስመር ላይ፣ በራሴ እጅ፣ "ላስቲክ" ብዬ ጻፍኩ።