ሁለት የመደመር ምልክቶች

ከአዲስ አበባ የመጡልን ባለሙያ ሥራቸው መጠባበቂያ ቅጂ ማደራጀት ነበር። አንዱ የዩኒክስ ሰርቨር ሌሊት ሌሊት መረጃውን ወደ ሌላው እንዲልክ በአርኤስኤች (አንድ ማሽን ሌላውን በኔትወርክ በሚያዝበት ፕሮግራም) አገናኟቸውና፣ በሩት፣ ማለትም ሁሉ በተፈቀደለት የማሽኑ ዋና ተጠቃሚ፣ አርሆስትስ ፋይል (ያለ ይለፍ ቃል የሚገቡት በሚዘረዘሩበት) ውስጥ ሁለት የመደመር ምልክቶች ጻፉ። ከየትም ማሽን የመጣ ማንም ተጠቃሚ ያለ ይለፍ ቃል ሩት ሆኖ ይግባ ማለት ነው።

ምሳ ላይ፣ ጣና ዳር ዓሣ ቀርቦልን፣ ነገሩን አነሣሁባቸው።

«የሌለ ይለፍ ቃል ማን ይሰርቃል?» አሉ፣ እሾሁን እየለቀሙ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ።

ያናደደኝ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። የአርኤስኤች ወንድም በሆነው የመግቢያ ፕሮግራም፣ በአርሎጊን፣ የሚተየብ ይለፍ ቃል ሳይመሰጠር ነው የሚጓዘው። በፈረንጆች 1995 ፊንላንድ ውስጥ ግንኙነቱን የሚመሰጥረው ኤስኤስኤች የተጻፈውም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ይለፍ ቃሎች ከተጠለፉ በኋላ ነው።

«ደግሞም» አሉ ባለሙያው፣ «ከ1024 በታች ካለ ፖርት (የግንኙነት በር ቁጥር) ያልመጣን ሰርቨሩ አይቀበልም። ያንን ፖርት የሚይዘው ሩት ብቻ ነው።»

«በራሴ ላፕቶፕ ላይ ሩቱ ማን ነው?» አልኋቸው።

«ገና ልጅ ነህ» ብለው ሂሳብ ጠሩ።

ማታ የአርኤስኤችን የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ምንጭ ኮድ ከፍቼ አነበብሁ። ጥንቃቄው ያስቃል፦ የአርሆስትስ ፋይሉን ባለቤት ያጣራል፣ ሌላ ሰው ሊጽፍበት ከቻለም አይቀበለውም። የደብዳቤውን ማኅተም በባትሪ መርምሮ ሲያበቃ «የመጣ ሁሉ ይግባ» የሚለውን ትእዛዝ የሚፈጽም ዘበኛ በሉት።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ «እስቲ አሳየን» ስላሉኝ፣ በሁለቱም ፊት ላፕቶፔን ሰክቼ ገባሁ። ምንም አልጠየቀኝም።

«ማን ፈቀደልህ?» አሉ ባለሙያው፣ ቀልተው።

«ፋይልዎ።»

ይህች አንዲት ቃል ብዙ አስከፈለችኝ። ሪፖርታቸው ሲደርስ አርኤስኤች ተዘግቶ፣ በይለፍ ቃል ፋንታ በቁልፍ ፋይል በሚሠራ ኤስኤስኤች እንዲተካ ይመክራል፤ እኔ ለሥራ አስኪያጁ የነገርሁት ሁሉ፣ በተሻለ አማርኛ። ስሜም አልተረሳም፤ «የውስጥ ሠራተኛ የደኅንነት ጥሰት» በሚለው ርእስ ሥር ሰፍሯል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬ የተፈረመው የእርሳቸው አበል በጸደቀበት ቀን ነው። «እስቲ አሳየን» ያሉት ሰውዬም ሁለቱን በአንድ እስክሪብቶ ፈረሙ።

ባልደረቦቼ ዝም ብትል ይሻልህ ነበር አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ዝም ማለትን በሚገባ ተምሬ ነበር። ቀጥለው የመጡት ባለሙያ ይለፍ ቃል ሳይመሰጥር የሚልከውን ቴልኔት ሊከፍቱ ሲሉ ግን አፌ ቀደመኝ።