ሰደርያው ኪስ ውስጥ ያለው

ለወታደሮች መከላከያ መግዣ መዋጮ ሲሰበሰብ ሰው ቶሎ የሚቆጥረው የጥይት መከላከያ ሰደርያውን ነው። እኔ ደግሞ ሂሳቡ ለእያንዳንዱ ወታደር በሚያስፈልገው ሙሉ ዕቃ መሠራት አለበት ባይ ነኝ። የጠመንጃ ጥይት የሚያቆመው ጨርቁ አይደለም፤ በፊትና በኋላ ኪሱ የሚገባው ጠንካራ ሰሌዳ፣ ማለትም ፕሌት ነው። ስለዚህ 30 ወታደር ማለት 30 ሰደርያ፣ 60 ፕሌት፣ 30 የራስ ቁር ነው። ለሙከራ የሚተኮስበት አንድ ፕሌት ሲታከልበት 61 ይሆናል። ገንዘቡ ካልበቃ 20ውን አሟልቶ ማልበስ 30ውን በጎደሎ ከመላክ ይሻላል። ይህን ለለጋሾች ገና ከመጀመሪያው መንገር ያስፈልጋል፤ መሀል ላይ ሲነገር ቅሬታ ያመጣል።

ከአቅራቢ ጋር ስንነጋገር መጀመሪያ የምንጠይቀው ደረጃውን ነው። በብዙ አገር የሚታወቀው ኤን አይ ጄ የተባለው የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር የምርምር ተቋም ያወጣው መለኪያ ነው። ደረጃ 3ኤ ለስላሳው ነው፤ የሽጉጥ ጥይትና ፍንጣሪ ይይዛል፣ የክላሽ ጥይት ግን ያልፈዋል። ደረጃ 3 ተራውን 7.62 በ51 የጠመንጃ ጥይት ያቆማል። ደረጃ 4 ብረት የሚበሳውን ጥይት ለመያዝ የተሠራ ነው፤ የሚፈተነው ግን በአንድ ምት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው አዲሱ መለኪያ ደረጃ 3 እና ደረጃ 4 አርኤፍ1 እና አርኤፍ3 ተብለዋል፤ በመሀላቸው አርኤፍ2 አለ።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፦ አንዳንዱ ፕሌት የተጻፈበትን ደረጃ የሚያሟላው ከጀርባው ለስላሳ ፓኔል፣ ማለትም ጥይት የሚይዝ የጨርቅ ንጣፍ ሲኖር ብቻ ነው። መለያው ላይ ይህ ተጽፏል፤ ዋጋው የረከሰውም አንዳንዴ ለዚሁ ነው። ፓኔሉን ሳይገዙ ፕሌቱን ብቻ መላክ ወታደሩን ማታለል ይሆናል።

የብረት ፕሌት ርካሽና ጠንካራ ስለሆነ ያጓጓል። ጥይቱ ግን ብረቱ ላይ ሲሰባበር ፍንጣሪው ወደ አንገት፣ አገጭና ክንድ ይረጫል። እኔ ባልገዛው እመርጣለሁ። ፖሊኢቲሊን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው በጣም ቀላል ነው፤ ሆኖም ከፍተኛ ሙቀት ይጎዳዋል፣ ብዙዎቹም ጫፉ ብረት ያለውን 5.56 ጥይት አያቆሙም። ሴራሚክ ደግሞ ከባድ ነው፤ ከወደቀ ሽፋኑ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ የሚታየው በኤክስሬይ ነው፤ አንኳኩቶ ድምፁን መስማት አያስተማምንም።

የናሙና ሙከራ ሲባል ፕሌቱን ዛፍ ላይ አስደግፎ መተኮስ አይደለም። በተፈቀደ የተኩስ ቦታ፣ ባለሙያ ባለበት፣ ከጀርባው ሸክላ መሰል ጭቃ ተደርጎ ይተኮሳል። ጥይቱ ባያልፍም ጭቃው ውስጥ የሚቀረው ጉድጓድ ይለካል፤ በኤን አይ ጄ መለኪያ ወሰኑ 44 ሚሊሜትር ነው። ናሙናውን እኛ ራሳችን ከደረሰው ካርቶን መሀል እንመርጣለን እንጂ አቅራቢው መርጦ እንዲሰጠን አንጠብቅም።

ልክም ቸል መባል የለበትም። የተለመደው ፕሌት በግምት 25 በ30 ሴንቲሜትር ነው። የላይ ጠርዙ ከአንገት ሥር፣ ሁለቱ የአንገት አጥንቶች በሚገናኙበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ መዋል አለበት፤ ዝቅ ካለ ሆድ ይሸፍንና ልብን ያጋልጣል። ለራስ ቁር የጭንቅላት ዙሪያ በሴንቲሜትር ተለክቶ ይላክልን። የራስ ቁር በዋናነት ለፍንጣሪ ነው፤ «የጠመንጃ ጥይት ያቆማል» ብሎ ለለጋሽ መናገር አይገባም።

በብዙ አገር ይህን ዕቃ ከድንበር ለማውጣት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ይጣራ። ደረሰኝና ወጪ ሁሉ ለሕዝብ ይታይ፤ የጦር ክፍሉ ስም፣ ቦታውና የወታደሮቹ ፊት ግን አይውጣ።

ርክክቡ ላይ የእያንዳንዱ ፕሌት መለያ ቁጥር ከተረካቢው ፊርማ ጋር ይመዝገብ። ዛይሎን ከሚባለው ክር የተሠሩ ሰደርያዎች በሙቀትና በእርጥበት እንደሚዳከሙ የታወቀው ብዙ ሰው ከለበሳቸው በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ኤን አይ ጄ ዕውቅናውን አነሳ። ቁጥሩ ካልተያዘ ጉድለት ያለበትን ምርት ማን እንደለበሰው አይታወቅም። ከመዋጮውም ጥቂቱ ሳይነካ ይቀመጥ፤ የተመታ ወይም የወደቀ ፕሌት ሲመለስ በዚያው ሳምንት ምትኩ መገዛት አለበት።