ኦዲዮሎጂን በማስተርስ ስማር ክሊኒኩ ያስተማረኝ

የመጀመሪያ ዲግሪዬ ሳይኮሎጂ ነው። ኦዲዮሎጂን፣ ማለትም የመስማት ችግርን የመመርመርና የመርዳት ሙያን፣ በማስተርስ ልማር ስነሳ ያስፈራኝ የድምፅ ፊዚክሱ ነበር፤ ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ)፣ ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ)፣ ሎጋሪዝም። እሱ እንኳ ቁጭ ብዬ ሳነበው ገባኝ። የከበደኝ ክሊኒኩ ነው።

አንዱን ቀን ልንገራችሁ። አንዲት ሴት እየመረመርኩ ነው። ከ250 እስከ 8000 ኸርዝ ያሉትን ድምፆች በሄድፎን አሰማታለሁ፤ ስትሰማ 10 ዴሲቤል እቀንሳለሁ፣ ሲጠፋባት 5 እጨምራለሁ። ግራ ጆሮዋ ደህና ነው። ቀኙን በቀይ ክብ እየመዘገብኩ 60 ዴሲቤል አካባቢ ሲሆን «መካከለኛ የመስማት ችግር» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ ወረቀቱን አየችና «የሰማው የትኛው ጆሮ ነው?» አለችኝ። ለካ ድምፁ ሲጠነክር በራስ ቅሏ አልፎ ደህናው ጆሮ እየሰማላት ኖሯል! በግራው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ለቅቄ ስደግመው፣ ቀኙ ማሽኑ እስከሚችለው ድረስ ብንጨምርለት ምንም አልሰማም። ማስኪንግ ይባላል፤ ፈተና ላይ በትክክል መልሼዋለሁ እኮ። በእኔ ውጤት ብትሄድ ኖሮ ለማይሰማ ጆሮ የመስሚያ መሣሪያ ይታዘዝላት ነበር፤ በአንድ ጆሮ ብቻ የመጣ ችግር ደግሞ ምክንያቱ በሐኪም መጣራት አለበት።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ስትመርጡ ስሙን ተዉትና ስንት ሰዓት ክሊኒክ ውስጥ እንደምትቆዩ፣ አጠገባችሁ ማን እንደሚቆም ጠይቁ። የሥራ ፈቃዱ ምን እንደሚጠይቅም ቀድማችሁ አጣሩ። አሜሪካ ለምሳሌ ዛሬ መግቢያው ማስተርስ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ 4 ዓመት የሚወስድ የኦዲዮሎጂ ዶክትሬት ነው።

ሥራው ሰፊ ነው፤ የመስሚያ መሣሪያ ማስተካከል፣ ኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ጥገና ውስጥ ጆሮ ውስጥ የሚገባ መስሚያ)፣ የሰውነት ሚዛን የመጠበቅ ችግር፣ የፋብሪካ ጫጫታ። እኔ ሕፃናቱ ጋ ቀረሁ። ጤነኛ የውስጥ ጆሮ ራሱ ድምፅ ያወጣል፤ ዴቪድ ኬምፕ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳወቀው ነው። የተኛ ሕፃን ጆሮ ውስጥ ትንሿን መሣሪያ አስገብቼ ያንን ድምፅ ስጠብቅ እስካሁን ትንፋሼን እይዛለሁ። እዚህ ቀን ይቆጠራል፤ ከተወለደ በ1 ወር ልየታ (የመጀመሪያው ፈጣን ፍተሻ)፣ በ3 ወር ምርመራው አልቆ፣ በ6 ወር እርዳታው መጀመር አለበት።

ለወላጅ መንገር ግን ማንም በደንብ አላስተማረኝም። መጀመሪያ ላይ ኦዲዮግራሙን፣ የምርመራ ውጤቱ የሚሰፍርበትን ግራፍ፣ ዘርግቼ ሁሉንም አስረዳ ነበር፣ መስመሩን፣ ቁጥሩን፣ ቀጣዩን ቀጠሮ። አንዲት እናት በሳምንቱ ተመልሳ «ያኔ ምን ብለሽኝ ነበር?» አለችኝ። «አይሰማም» ካልኳት በኋላ አንድም ቃል ጆሮዋ አልገባም። አሁን እሷን አንዷን ነገር ተናግሬ ዝም እላለሁ። ወረቀቱን የማወጣው ሲጠይቁኝ ነው።