ጥፊውን የሚመራው ተመቺው ነው

ባለፈው ሳምንት ጥፊ ቀመስኩ። የምሬን ነው፣ ግራ ጆሮዬ እስከ ማታ ጭውውው ሲል ነበር። የመታችኝ ትወና ስልጠና ላይ ፓርትነሬ የሆነች ልጅ ናት፣ ከኔ በላይ የደነገጠችው ራሷ፣ "ወይኔ ይቅርታ" እያለች እንባዋ ሲመጣ ጭራሽ ተመቺው አፅናኝ ሆንኩ። የሚያሰለጥነን ጋሼ ግን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ጥፋቱ ያንተ ነው።"

እንዴ! ተመትቼ!

ነገሩ እንዲህ ነው። መድረክ ላይ የምታዩት ጥፊ ብዙ ጊዜ ፊት አይነካም። የመቺው እጅ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ያልፋል፣ "ጧ" የሚለውን ድምፅ የሚያወጣው ተመቺው ነው፣ ደረቱ ጋ ተመልካች በማያይበት በኩል ያጨበጭብና አንገቱን ያዞራል። እጇ፣ ጭብጨባዬ፣ አንገቴ፣ ሶስቱ እኩል መድረስ አለባቸው። ከዘገየሁ ድምፁ ከጥፊው በኋላ ይመጣና አዳራሹ በሳቅ ያልቃል፣ ከቀደምኩ ደግሞ ሳልመታ የተመታሁ ቂል ነኝ።

ለዛ ነው መጀመሪያ ዓይን ለዓይን የምንተያየው። እኔ በዓይኔ "ነይ" ካላልኳት እጇ አይነሳም። ከዛ እጇን በደንብ ወደ ኋላ ትስባለች፣ መምጣቷን የምትነግረኝ በሷ ነው። ሩሲያዊው ዳይሬክተር ሜየርሆልድ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ሞስኮ ውስጥ ባዮሜካኒክስ ብሎ ተዋንያን ሲያሰለጥን ካሰራቸው ልምምዶች አንዱ ራሱ ጥፊ ነበር፣ እና ይቺን ወደ ኋላ መሳብ ኦትካዝ ይሏታል፣ እምቢ ማለት እንደማለት፣ ልትዘል ስትል መጀመሪያ በርከክ እንደምትለው ማለት ነው። ልምምዱን ከመጀመራቸው በፊት ደግሞ ዳክቲል የሚሏት አለች፣ ሰውነትን ወደ ላይ ዘርግተው ሲመለሱ ሁለቴ ያጨበጭባሉ፣ ሁሉም በአንድ ሪትም እንዲነሳ። እኛም ሞክረናት ነበር፣ መጀመሪያ የህፃናት ጨዋታ መስላኝ ንቄያት ነበር።

እና እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ "ነይ" ብያት፣ እጇ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ከኋላዬ ሰው ሲስቅ ሰማሁና ዞር አልኩ፣ ዞር ስል ደግሞ ሳላውቀው ግማሽ እርምጃ ወደሷ ገባሁ። ያቺ ስንዝር የት ሄደች? እጇ ደግሞ ከተወረወረ በኋላ አይመለስም።

በነገራችን ላይ ዓይን ጨፍኖ ወደ ኋላ መውደቅ የሚባለውን ሁሉም ይወደዋል፣ ፎቶ ስለሚያምር መሰለኝ። ለኔ ትንሽ የተጋነነ ነው። እዛ ላይ የሚለፋው ያዢው ነው፣ አንድ እግሩን አስቀድሞ ጉልበቱን አጥፎ ይጠብቃል፣ ወዳቂው እንደ እንጨት ደርቆ መውደቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት (ፈርቶ ወገቡን ካጠፈ ግን በመቀመጫው ሾልኮ መሬት ነው)። ጥፊው ላይ ግን ሁለታችንም እኩል ነቅተን መጠበቅ አለብን፣ አንዳችን ለሰከንድ ከጠፋን አለቀ።

የዛን ቀን ማታ እራት ላይ እናቴ ጉርሻ ስትዘረጋልኝ ሳቄ መጣ። ያው እኮ ነው! እጅ ወደ ፊትህ ይመጣል፣ አጉራሹ የሚያየው ያንተን አፍ ነው፣ አፍህ ሲከፈት ነው እጁ የሚገባው፣ ዞር ካልክ ወጡ አፍንጫህ ላይ ነው። ስንት ዓመት ሰርቼው አላውቀውም ነበር።

ሐሙስ እንደገና ተጣመርን። ልጅቷ ፈርታለች፣ ሶስቴ "ነይ" ብዬ አየኋት፣ ሶስቴም እጇ ከወገቧ አልነሳ አለ። የጉርሻውን ነገር ስነግራት ሳቀች፣ "በል አፍህን ክፈት" አለችኝ። በጣም ቀስ ብለን ጀመርን፣ ከዛ ትንሽ ፈጠን፣ ከዛ በሙሉ ፍጥነት። እጇ ወደ ኋላ ሄደ፣ መጣ፣ አጨበጨብኩ፣ አንገቴ ዞረ። ጥግ ላይ ስልኳን ስትነካካ የነበረች ልጅ "ኧረ ድጋሚ መታችው!" ብላ ተነሳች።

ንፋሱ ብቻ ነው የደረሰኝ።